ኦፊስ፦ በየዓመቱ መክፈል ወይስ አንዴ ገዝቶ መገላገል?

ፒያሳም ሆነ ማራኪ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት የሚከፍት ሰው ማይክሮሶፍት ኦፊስ (ዎርድና ኤክሴል ያሉበትን ፕሮግራም) ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ጎንደር ላይ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ነው።

በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልበት የኦፊስ ዓይነት፣ ማይክሮሶፍት 365፣ ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚጫን ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ሆኖም ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት አግኝቶ ክፍያው እንዳልተቋረጠ ማረጋገጥ አለበት። ካላገኘ ፋይል መክፈትና ማተም ይፈቅዳል፣ ማረምና አዲስ መጻፍ ግን ይከለክላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍ በሚጎርፍበት ሰሞን ተማሪው «አማካሪዬ ሽፋኑ ላይ ያለውን ርዕስ ቀይር ብሎኛል» ሲል፣ ዎርዱ ተከፍቶ ይታያል እንጂ አንዲት ፊደል አያስነካም።

አንዴ የሚገዛው ኦፊስ 2024 ኢንተርኔት የሚፈልገው በማይክሮሶፍት አካውንት አክቲቬት ሲደረግ (ፈቃዱ ሲረጋገጥ) ነው፤ ከዚያ በኋላ ወርሃዊ ማረጋገጫ የለበትም። የሚሠራው በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው። የደህንነት ማሻሻያው የሚያበቃው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2029 ነው፤ አምስት ዓመቱ የሚቆጠረው እናንተ ከገዛችሁበት ቀን ሳይሆን ምርቱ ከወጣበት ከ2024 ስለሆነ፣ ዘግይቶ የገዛ አሳጥሮ ይገዛል። ኦፊስ 2021 ደግሞ ማሻሻያው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2026 ላይ ስለሚቆም ረከሰ ብላችሁ አትውሰዱት። የኦፊስ 2016ና የ2019 ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ2025 አብቅቷል።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ አሜሪካ ላይ «ሆም» የሚባለው 2024 በ149.99፣ የኢሜይል ፕሮግራሙ አውትሉክ ያለውና ለንግድ ሥራ የተፈቀደው «ሆም ኤንድ ቢዝነስ» በ249.99 ዶላር ወጥተዋል። ለጽሕፈት ቤት የሚሆነው ሁለተኛው ነው። የአንድ ሰው የሆነው 365 ፐርሰናል ዓመታዊ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 99.99 ዶላር ከፍ ብሏል፤ በሦስተኛው ዓመት ከ«ሆም ኤንድ ቢዝነሱ» ይበልጣል ማለት ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ በየዓመቱ በዶላር የሚታደስ ነገር ዘንድሮ የከፈላችሁትን ብር ለከርሞ አይጠብቅላችሁም። የዶላር ካርድ የማግኘቱ ጣጣም አለ፤ አንዴ መለመንና በየዓመቱ መለመን አንድ አይደለም።

365 የሚያዋጣው ዋይፋይ ለማይቋረጥበት ቤተሰብ ነው። የፋሚሊው ጥቅል 129.99 ዶላር ሆኖ እስከ 6 ሰው ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ሰው 1 ቴራባይት ዋንድራይቭ (ኢንተርኔት ላይ ያለ የፋይል ማስቀመጫ) አለው። ክፍያው ሲቆም ግን ነፃው ቦታ 5 ጊጋባይት ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ያስቀመጠ ሰው አዲስ ፋይል መጫን አይችልም።

ገበያ ላይ በጥቂት መቶ ብር የሚሸጠው «ፕሮፌሽናል ፕላስ 2024» ለድርጅቶች በጅምላ ፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ ቁልፉ ለብዙ ሰው ተሸጦ ከሆነ አንድ ቀን ይዘጋል። ክራኩ (ፈቃዱን ሰብሮ ያለ ክፍያ የሚያስኬደው) ደግሞ ገና ሲጫን አንቲቫይረስ አጥፉ ይላል። የተማሪ ፍላሽ ቀኑን ሙሉ በሚሰካበት ማሽን ላይ ከዚህ የባሰ ምክር የለም። ገንዘቡ ካልሞላ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ነፃው ሊብሬኦፊስ ይሻላል።

የአማርኛው ፎንት ሌላ ማሽን ላይ መበላሸቱ ከፈቃዱ ጋር አይገናኝም፤ በየትኛውም ኦፊስ ፋይሉ ለኅትመት ሲሄድ በፒዲኤፍ ይላክ። መጫኛውን በተመለከተ፣ ከአካውንታችሁ ገጽ የኦፍላይኑን (ያለ ኢንተርኔት የሚጫነውን) አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። በርካታ ጊጋባይት ስለሆነ ዊንዶው በተቀየረ ቁጥር እንደገና ማውረድ አያዋጣም።