የቺለር ጋዝ ማውጣትና መሙላት፦ አዲስ አበባ ላይ ጌጅ ሲነበብ

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ትልልቅ ቺለሮች ላይ ጋዝ ማውጣትና መሙላት እየተማርኩ ነው። እስካሁን የያዝኩትን ላካፍላችሁ። የማወራው አር-134ኤ በሚባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ ስለሚሠሩት ውሃ አቀዝቃዥ ማሽኖች ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው የጋዙን ግፊት ነው። እኔ አሁን ይበልጥ የምፈራው ውሃውን ነው። የኢቫፖሬተሩ (ጋዙ እየፈላ ውሃውን የሚያቀዘቅዝበት ክፍል) የመዳብ ቱቦዎች ውሃ እንደያዙ ናቸው። ጋዙን ስንስብ ግፊቱ ይወርዳል፣ የቀረው ፈሳሽም እየፈላ ይቀዘቅዛል። ከዜሮ በታች ከወረደና ውሃው ከቆመ በረዶ ሠርቶ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ውሃ ጋዙ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ኪሳራውን አስቡት። ስለዚህ ወይ ፓምፖቹ እስከ መጨረሻው ይሠራሉ፣ ወይ ውሃው ቀድሞ ሙልጭ ብሎ ይፈሳል። ሲሞላም ያው ነው፦ ከቫኪዩም በኋላ (ማሽኑ ውስጥ ያለው አየር በፓምፕ ተስቦ ካለቀ በኋላ) መጀመሪያ በእንፋሎት፣ ግፊቱ ከበረዶው መስመር ካለፈ በኋላ ብቻ በፈሳሽ።

መስመሩ የት ነው? ጋዙ በየትኛው ግፊት በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ የሚያሳየው ሰንጠረዥ ለዜሮ ዲግሪ 28 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ ነው) ገደማ ይላል። ግን የተሠራው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 14.7 ሳይሆን 11 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። ባለ መርፌው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ደግሞ የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። እዚህ ዜሮ ዲግሪ 31 ገደማ ላይ ይውላል ማለት ነው። 28 ላይ "በቃ ደረሰ" ብሎ ፈሳሽ የለቀቀ ሰው፣ ማሽኑ ውስጥ ገና ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ ነው። አለቃችን 40 ሳያልፍ እጄን ከቫልቩ ላይ ያነሳዋል። ድሮ ጥንቃቄ ያበዛ ይመስለኝ ነበር።

ቫኪዩም ላይም ይኸው ጣጣ አለ። መርፌው 22 ኢንች ተኩል (በሜርኩሪ) አካባቢ ቀጥ ሲል "ፓምፑ ደክሟል" የሚል አይጠፋም። ምኑም አልደከመ፤ እዚህ ከዚያ በላይ የሚሄድበት የለም። በማይክሮን (በጣም ትንሽ የግፊት አሃድ) የሚያነብ ጌጅ ሳይገጠም ስለ ቫኪዩም ባይወራ ይሻላል።

ፈሳሹን የምናወጣው በመግፋትና በመሳብ ነው። ሪከቨሪ ማሽኑ (ጋዝ ማውጫው) ከሲሊንደሩ እንፋሎት እየሳበ ወደ ቺለሩ ይገፋል፤ ፈሳሹ በሌላ ጎማ ወደ ሲሊንደሩ ይመጣል። ፈጣን ነው፣ ግን ተንኮለኛ ነው። አንዴ መፍሰስ ከጀመረ ማሽኑ ቢጠፋም ፈሳሹ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ከሚዛኑ ዓይኑን አይነቅልም። ሲሊንደር ከ80 በመቶ በላይ አይሞላም፤ 60 ሊትር የሚይዘው ላይ ይህ 58 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈና ሙቀት ካገኘው ፈሳሹ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። በሁለት የተዘጉ ቫልቮች መካከል ጎማ ውስጥ የቀረ ፈሳሽም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ የምንጩን ቫልቭ ዘግቶ ጎማውን ማስጨረስ ነው።

መነጽርና ጓንት ሳልል አላልፍም። ቺለሩ ምድር ቤት ከሆነ ደግሞ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ኦክስጅኑንም ይገፋል። አየር ማስወጫው ሳይበራ አንድም ጎማ አይፈታም።

ቀጥሎ የምገባው አር-123 ወዳላቸው ማሽኖች ነው። ይህ ጋዝ በባሕር ጠለል 28 ዲግሪ አካባቢ ሲፈላ፣ እዚህ 20 አካባቢ ላይ ይፈላል። የማሽን ክፍሉ ትንሽ ሲሞቅ በርሜል መክፈት እንዴት እንደሚሆን ያየ ካለ ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል።