በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ድራፍት

ሐዋሳ ውስጥ ድራፍት ማለት ቢራ ነው። ፍቅር ሐይቅ ተቀምጦ «ድራፍት አለ?» የሚል ሰው ስለ ረቂቅ ደብዳቤ እንዳልጠየቀ አስተናጋጁ ያውቃል፤ «ጃምቦ ወይስ ሲንግል?» ነው መልሱ። ቢሮ ስገባ ደግሞ ያልጸደቀ ሰነድም ድራፍት እንደሚባል ለመድኩ። ቢራና ረቂቅ ምን አገናኛቸው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ያስጠየቀኝ ባለፈው ሳምንት ለትርጉም የመጣልኝ ወረቀት ነው። ስለ አንዲት የሞተር ጀልባ የሚያትት ሁለት ገጽ እንግሊዝኛ። ከላይ በትልቁ ድራፍት ይላል፣ በኤፍ የተጻፈ፤ ገና ረቂቅ ነው ለማለት። ወረድ ሲሉ ርዝመት፣ ስፋት፣ ክብደት ተዘርዝሮ ከሥሩ ሌላ ቃል አለ፦ ዲ፣ አር፣ ኤ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ። አጠገቡ 0.5 ሜትር ተብሎ ተሞልቷል። መዝገበ ቃላት ብገልጥ አነባበቡ ያው ድራፍት ሆኖ ቁጭ አለ። ኤዋን በኦ ብንቀይራት ደግሞ ድራውት ይባልና ድርቅ ማለት ይሆናል። የጀልባ ድርቅ፣ ግማሽ ሜትር!

ፍቺው ጀልባዋ ውሃ ውስጥ የምትገባበት ልክ ነው ይላል። በወረቀት ገብቶኛል፤ በዓይኔ ግን ማየት ፈለግሁና አሞራ ገደል ወርጄ አንዱን ባለጀልባ ጠየቅሁት። ገመዱን ይዞ ጀልባውን ወደ ዳር ሳበና ጎኑን አሳየኝ። ቀለሙ ላይ አረንጓዴ፣ ሲነኩት የሚያሟልጭ መስመር ዙሪያውን ሄዷል። «አየሽ እህቴ፣ ባዶውን ሲሆን ውሃው እዚህች ላይ ነው» አለና ከመስመሩ በላይ አራት ጣቱን አጋድሞ ለካ። «ሰው ስጭን እስከዚህ ይወርዳል። ይህን ያላወቀ ዳር ሲደርስ አሸዋ ይይዘዋል።» እንግሊዞቹ ታዲያ ጀልባዋ ግማሽ ሜትር ውሃ «ትስባለች» ነው የሚሉት።

መሳብ! ነገሩ የተፈታልኝ እዚህ ላይ ነው። ቃሉ ድሮው ድሮው፣ በጥንቱ እንግሊዝኛ፣ ከመጎተትና ከመሳብ የወጣ ነው። የጠረጴዛ መሳቢያ የሚሉበት ድሮወርም የዚሁ ዘር ነው፤ እነሱም እኛም ያንኑ ዕቃ በመሳቡ ሰየምነው ማለት ነው። ድራፍት ቢራ ከበርሜል የሚሳበው ነው፤ ጠርሙሱ አይደለም። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ፣ ሞፈር የሚጎትት በሬ የድራፍት እንስሳ ይባላል። በ1611 በታተመው የእንግሊዞቹ መጽሐፍ ቅዱስ ሉቃስ ምዕራፍ 5 ላይ እነ ጴጥሮስ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም ሳይዙ ካደሩ በኋላ በአንድ ጊዜ ያወጡት ያ ሁሉ ዓሣ ድራፍት ነው የተባለው። መረብ ተስቦ የወጣ ነዋ። አሞራ ገደል ለቆመ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

የሳቅሁበት ግን የንፋሱ ነው። በበርና በመስኮት ሾልኮ ገብቶ ማጅራት የሚመታው ብርድም ድራፍት ይባላል። ከሻሸመኔ ሐዋሳ በሚኒባስ መጥቶ «ኧረ መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ መታኝ» ሲባል ያልሰማ የለም፤ ውጭው እሳት ቢሆን እንኳ ይዘጋል። ፈረንጆቹ ይህን በሽታ አያውቁትም ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ ስም አውጥተውለታል።

ባንክ ከሒሳብ ላይ ስቦ የሚያወጣው የክፍያ ወረቀትም ድራፍት ነው። አሜሪካኖች ደግሞ ወጣት ለጦር መመልመልን እንዲሁ ይሉታል፤ መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1967 አልሄድም ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የቀረላቸው እሱ ነው። እኛ ዘንድ አፈሳ ሲባል ቃሉ ራሱ ያስደነግጣል፤ የእነሱ ቢራ ቢራ ይላል።

ጂና ኤች ለምን ኤፍ ሆነው ይነበባሉ ለሚለውም መልስ አለው። ጥንት ሁለቱ ፊደላት አንድ ላይ ሆነው የጉሮሮ ድምፅ ነበራቸው፣ ለእኛ ኸ የቀረበ። ሌሊት የሚሉበት ናይት ያኔ ኒኽት ነበር። ድምፁ ከጊዜ በኋላ ከእንግሊዝ አፍ ጠፋ፤ ግማሹ ቃል ላይ ጨርሶ ተዋጠ፣ ግማሹ ላይ ኤፍ ሆነ፣ ሳቅና ሳል በሚሉባቸው ቃላት እንደምንሰማው። ጽሑፉ ግን እዚያው ቀረ። በዚህ እንዳንስቅባቸው የእኛም ቤት ያው ነው። ሰአለ በእሳቱ ሰና በአ ለመነ ነው፤ ሠዐለ በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ ሥዕል ሣለ ነው። «ሰአሊ ለነ ቅድስት» የሚለውን በንጉሡ ሠ የጻፈ እመቤታችንን ሥዕል ሣዪልን ብሏታል፤ አፍ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው።

አሜሪካኖች ይህን ሁሉ ጣጣ ትተው ለሁሉም በኤፍ ይጽፋሉ። ዳማ ጨዋታን ብቻ ከነጭራሹ ቼከርስ ብለውታል፤ እንግሊዞቹ በጂ-ኤች ድራፍትስ ይሉታል። ቆርኪ ገልብጠን የምንጫወተው ዳማ እዚህ ውስጥ ይገባል ብሎ ማን ይጠብቃል? እንግሊዞቹ ከፋፍለው ነው የሚጽፉት፤ አከፋፈሉን ግን በአንድ መስመር የጻፈልኝ መጽሐፍ አላገኘሁም። እኔ ለራሴ ያወጣሁት፣ ወረቀት ከሆነ በኤፍ፣ በአካል የሚሳብ ወይም የሚገፋ ከሆነ በጂ-ኤች ነው። ረቂቁና የባንኩ በኤፍ፤ ቢራው፣ ፈረሱ፣ ንፋሱ፣ ጀልባው፣ ዳማው በጂ-ኤች። ተርጓሚ ለሆነ ሰው ይህ ይበቃል፤ የአሜሪካንን ከጀመረ ደግሞ በዚያው ይጨርስ እንጂ አንዱን ገጽ በዚያ አንዱን በዚህ አያድርግ። ለጀልባዋ «ከውሃ በታች የሚገባው ልክ፦ 0.5 ሜትር» ብዬ ጽፌ ላክሁ።

ደንቤን ያፈረሰብኝ ጎረቤቴ ነው። የሕንፃ ፕላን የሚሥል ልጅ ነው፤ ሥራው በእንግሊዝኛ ድራፍትስማን ይባላል። ቢዝነስ ካርድ ላሳትም ነውና ጽሑፉን እዩልኝ ብሎ መጣ። እንግሊዞቹ ፕላን ለሚሥለው ሰው ጂ-ኤች ሰጥተው ኤፍን ብዙ ጊዜ ሕግ ለሚያረቅቀው ትተዋል፤ ሁለቱም የሚሠሩት ወረቀት ላይ ሆኖ ሳለ። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እትዬ፣ የትኛው ይረዝማል?» አለኝ።

«የጂ-ኤቹ።»

«እሱን ያድርጉልኝ። የተማረ ሰው ያስመስላል።»