የጀልባ ሞተር ካርቡሬተር ጓሮ ውስጥ አይስተካከልም

ትናንት ማታ አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ፣ ድምፁ ራሱ ደክሞታል። ሁለት ቀን ሙሉ የጀልባውን ሞተር ካርቡሬተር፣ ቤንዚንና አየር የሚደባልቀውን ክፍል ማለቴ ነው፣ ሲነካካ ነው የከረመው፣ ሞተሩ ቱ ስትሮክ ነው፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚደባለቅለት ዓይነት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ቆሞ ሲሰራ ምንም አይልም ግን ውሃ ላይ አውርዶ ማርሽ ሲያስገባ ቀጥ። ያስነሳዋል፣ ማርሽ ያስገባል፣ ቀጥ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የካርቡሬተሩን ብሎን ያስተካከልከው የት ሆነህ ነው? ጓሮ፣ ማቆሚያው ላይ ሰቅዬው፣ ውሃ በጎማ እየሰጠሁት አለኝ። በቃ እሱ ነው አልኩት።

እኔም ይሄን ያወቅኩት ስንት ቅዳሜ ካለፈ በኋላ ነው። ጓሮ ላይ ሞተሩ ምንም የሚገፋው ነገር የለም፣ ጭሱም እንደልቡ ነው የሚወጣው። ውሃ ውስጥ ግን አብዛኛው ጭስ የሚወጣው ከውሃ በታች ስለሆነ ውሃው መልሶ ይጫነዋል፣ ቱ ስትሮክ ደግሞ የተቃጠለው በደንብ ካልወጣለት አዲሱ ድብልቅ በደንብ አይገባለትም፣ በዛ ላይ ማርሽ ሲገባ ፕሮፔለሩ ውሃ መግፋት ይጀምራል። ስለዚህ ጓሮ ላይ ቆንጆ የነበረው ልክ ውሃ ላይ ልክ አይደለም። ጎማው ጥሩ የሚሆነው ለማስነሳት፣ ለማጠብ፣ ቤንዚን የሚያፈስ ነገር ካለ ለማየት ነው። ያለ ውሃ ግን በጭራሽ አታስነሱት፣ ውሃ የሚስበው የጎማ ኢምፔለር በደረቁ ሲሽከረከር ሴኮንዶች ይበቁታል።

ግን ከዛ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔን ያስከፈለኝ እሱ ነው። ሞተር ሲያስቸግር ሁሉም ሰው እጁ ቀጥታ የሚሄደው ወደዛች ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲሰራ፣ ድብልቁን ወደምታስተካክለው ብሎን ነው፣ ስለምትታይ ይመስለኛል፣ ውጭ ላይ ናት፣ ካቻቢቴ ይበቃታል። የድሮ ሞተሬ ሦስት ሲሊንደር ሦስት ካርቡሬተር ነበር፣ ሙሉ ጋዝ ስሰጠው ትንሽ ይደክምብኝ ጀመር፣ እኔ ደግሞ ብሎኖቹን ትንሽ ወደዚህ ትንሽ ወደዛ እያልኩ አንድ ወቅት ሙሉ ቆየሁ። ካንዴላ ፈትቼ ሳይ የላይኛው ነጭ ነበር፣ አመድ የመሰለ ነጭ፣ የሌሎቹ ሁለቱ ቡኒ። አየሁት እኮ፣ አይቼ መልሼ አሰርኩት። አንድ ቀን ሙሉ ጋዝ እየሄድኩ ድምፁ ወፈረ፣ ፍጥነቱ ወረደ፣ ከዛ አንድ የብረት ጩኸት አሰምቶ ዝም አለ።

ሲፈታ የላይኛው ፒስተን ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቆ ነው የተገኘው። በእጄ ይዤው አይቼዋለሁ፣ ጭስ በሚወጣበት ጎን አሉሚኒየሙ ከላይ እስከ ታች እንደ ቅቤ ተለቅልቋል፣ ቀለበቶቹ ቦያቸው ውስጥ ተቀብረው በጥፍር አይነቃነቁም። ከዛ የዛን ካርቡሬተር ስር ያለውን የቤንዚን ጎድጓዳ ከፈትኩ፣ ታች ላይ አረንጓዴ ሙጫ የመሰለ ነገር ተጋግሯል፣ ዋናውን ጄት፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ፣ አውጥቼ ወደ ብርሃን ሳደርገው ቀዳዳው ክብ አይደለም፣ ግማሽ ጨረቃ ነው። የላይኛው ሲሊንደር ያን ሁሉ ጊዜ ግማሽ ነዳጅ ነበር የሚጠጣው። ቱ ስትሮክ ላይ ደግሞ ነዳጅ አነሰ ማለት ዘይትም አነሰ ማለት ነው፣ ዘይቱ ያለው ቤንዚኑ ውስጥ ነዋ፣ ሙቀቱ ይጨምራል ማለስለሻው ይቀንሳል፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። እኔ ሳዞራት የከረምኳት ብሎን ደግሞ ሥራዋ ሚኒሞና ዝቅተኛ ጋዝ ላይ ነው፣ ሙሉ ጋዝ ላይ ነዳጁን የሚወስነው ዋናው ጄት ነው፣ እሱ ደግሞ አብዛኛው ሞተር ላይ ቋሚ ቀዳዳ ነው፣ አይዞርም፣ ወይ ይጸዳል ወይ ይቀየራል። ይሄን ልዩነት ያኔ ባውቅ ያ ፒስተን ዛሬም ይሰራ ነበር።

ስለዚህ አሁን ብሎን ከመንካቴ በፊት ሌላውን ሁሉ ነው የማየው። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ የሚፈጥረውን ግፊት፣ እለካለሁ፣ በሲሊንደሮቹ መሃል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ካለፈ ካርቡሬተር ምንም አያደርግለትም። ካንዴላዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ቀለማቸውን አያለሁ። የቤንዚንና የዘይት ድብልቁ እንደ ማኑዋሉ መሆኑን አረጋግጣለሁ፣ 50 ለ 1 ከሆነ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፣ ለጥንቃቄ ብሎ ዘይት መጨመርም ዝም ብሎ ጥሩ ነገር አይደለም፣ በዛችው ጄት ውስጥ ዘይት ሲበዛ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል። ሙሉ ጋዝ ላይ እየደከመ ከሆነ ደግሞ የቤንዚን ቱቦው ላይ ያለችውን የጎማ ኳስ እየሄደ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉለት፣ ነፍስ ከዘራ ችግሩ ነዳጅ አለመድረስ ነው፣ ፓምፑ ወይ ፊልትሮው ወይ ቱቦው።

ካርቡሬተሩ ቆሽሾ ከሆነ እንደነገሩ ስፕሬይ ነፍቶ መዝጋት አይሆንም፣ ሙሉ ለሙሉ ይፈታል። ጄቶቹ ይወጣሉ፣ ማጽጃ ውስጥ ይነከራሉ፣ በኮምፕረሰር አየር ይነፋሉ፣ መነጽር አድርጉ ምክንያቱም በአንዱ ቀዳዳ የነፋችሁት በሌላው ዓይናችሁ ላይ ነው የሚመጣው። በሽቦ አትጎርጉሩ። ጄት ለስላሳ ነሐስ ነው፣ ሽቦ ቀዳዳውን ይፍቀዋል፣ ከዛ በኋላ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ይሆናል። እኔ ቀጭን የናይለን የዓሣ መንጠቆ ክር ነው የምጠቀመው። ጎድጓዳው ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የሚጠብቀውን ተንሳፋፊም እዩት፣ ቁመቱ ልክ ካልሆነ ወይ ቤንዚን ገብቶበት ከከበደ ብሎኑን ዓመት ብታዞሩት ዋጋ የለውም። ከአንድ በላይ ካርቡሬተር ካለ ደግሞ አየር የሚከፍቱትና የሚዘጉት ቢራቢሮዎች እኩል መዘጋታቸውን፣ ጋዝ ሲሰጥም እኩል መነሳታቸውን ከፊት ሆናችሁ በዓይን ተመልከቱ፣ አንዷ ቀድማ ከተከፈተች ሚኒሞው መቼም አይረጋም።

ከዛ ነው ወደ ውሃ። ጀልባውን ከፊትም ከኋላም በደንብ እሰሩት፣ ማርሽ ገብቶ ነው የሚሰራው፣ ፕሮፔለሩ አጠገብ ሰው አይኑር፣ የማጥፊያው ገመድ እጃችሁ ላይ ይሁን። ብሎኑን ቀስ ብላችሁ እስክትቆም አጥብቁ፣ ቀስ ብላችሁ ያልኩት ጫፏ ሹል ስለሆነች ነው፣ በኃይል ከጠበቀች ትበላሻለች። ከዛ ማኑዋሉ የሚለውን ያህል ፍቱ፣ ብዙዎቹ ከ1 እስከ 1.5 ዙር አካባቢ ናቸው። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ሲሞቅ ሌላ ነው። አሁን ማርሽ አስገቡና በሚኒሞ ይሂድ።

እዚህ ጋር ነው ትዕግሥት የሚያስፈልገው። አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ አዙሩ፣ ከዛ እጃችሁን አንሱና 15፣ 20 ሴኮንድ ጠብቁ፣ ምክንያቱም ቱ ስትሮክ ድብልቁን መጀመሪያ ከፒስተኑ ስር ወዳለው ክራንኩ ቤት ነው የሚያስገባው፣ የለወጣችሁት ነገር ወዲያው አይሰማም። ነዳጅ እየቀነሳችሁ ስትሄዱ ድምፁ ይጠራል፣ ትንሽ ይፈጥናል፣ ከዛ በካርቡሬተሩ አፍ በኩል ጵስ ብሎ ያስነጥሳል። ያቺ ማስነጠስ ነዳጅ አነሰኝ ማለቷ ነው። አሁን ወደ ሌላው መልሱት፣ ነዳጁ እየበዛ ሲሄድ ድምፁ ይከብዳል፣ ሞተሩ ይንገዳገዳል፣ ጭሱ ይጨምራል። በሁለቱ መሃል ያለውን ፈልጉና ከመሃሉ ትንሽ ነዳጅ ወደሚበዛበት አድርጋችሁ ተዉት። በየትኛው በኩል ሲዞር ነዳጅ እንደሚጨምር ከማኑዋሉ እዩ፣ አንዳንዱ ሞተር ላይ ብሎኑ ነዳጅ ነው የሚቆጣጠረው አንዳንዱ ላይ አየር፣ ስለዚህ ማጥበቅ አንዱን ነዳጅ ያሳጣዋል ሌላውን ያጠግበዋል። ማኑዋል ከሌላችሁ ማስነጠሱ ይነግራችኋል።

ከአንድ በላይ ከሆኑ አንድ በአንድ፣ የላይኛውን ጨርሳችሁ ወደሚቀጥለው። ከዛ ሁሉም ሲያልቅ ነው የሚኒሞ ፍጥነት የሚስተካከለው፣ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ከ600 እስከ 750 ዙር በደቂቃ አካባቢ፣ እሱም እንደ ማኑዋሉ። የመጨረሻው ፈተና ጋዙን በአንዴ መስጠት ነው፣ ጀልባው የታሰረበትን ገመድ ፈታችሁ ክፍት ውሃ ላይ። ቢያንገራግር ወይ ቢጠፋ ነዳጅ አንሶታል፣ አንድ ስምንተኛ ጨምሩለት። ጭሱ ስላበሳጫችሁ ብቻ አትቀንሱ፣ ትንሽ ጭስ የዚህ ሞተር ተፈጥሮ ነው።

ከፍታ ቦታ ላይ ለምትጠቀሙ ደግሞ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፣ ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ጄት እዛ ሲወጣ ነዳጅ ያበዛል፣ ካንዴላው ጠቁሮ ይረጥባል፣ ጉልበቱ ይወርዳል፣ አነስ ያለ ዋና ጄት ነው መፍትሄው። የሚያስፈራኝ ግን ተቃራኒው ነው። ከፍታ ላይ ጄቱ የተቀነሰለት ሞተር ባሕር ወርዶ በሙሉ ጋዝ ቢነዳ የኔ የላይኛው ፒስተን የሆነውን ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ያገለገለ ሞተር ስትገዙ ውስጡ ስንት ቁጥር ጄት እንዳለ ፈትታችሁ እዩ።

ጓደኛዬ ዛሬ ጠዋት ውሃው ዳር ሆኖ ደወለልኝ፣ ስልኩን ሞተሩ አጠገብ አስቀምጦት እኔ እየሰማሁ እሱ እያዞረ። የላይኛው ቶሎ መጣ። የታችኛው አንድ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ጨምርለት አልኩት፣ ጠበቅን፣ ድምፁ ረጋ፣ ማርሽ አወጣ አስገባ አወጣ አስገባ፣ አልጠፋም። የላይኛው 1 ከሩብ ዙር ላይ፣ የታችኛው 1.5 ላይ ነው የቆሙት፣ የሞተሩ ክዳን ውስጠኛው ጎን ላይ በማርከር እንዲጽፋቸው ነግሬው ስልኩን ዘጋን።