ከሊዝበን የመጡት መምህርት

ከፖርቱጋል ዋና ከተማ ከሊዝበን የመጡ ጎብኚዎችን ፋሲል ግቢ እንዳስጎበኝ ስመደብ፣ የመደበኝ የጉዞ ወኪል ኃላፊ «ግንቡን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው በላቸው፤ ደስ ይላቸዋል፣ ጉርሻውም ይበረክታል» ሲል አዘዘኝ። ለሥራው አዲስ ስለነበርኩ አልተከራከርኩም፤ በዐፄ ፋሲል ግንብ ፊት ቆሜም ያንኑ ተናገርኩ።

ከመካከላቸው አንዲት ጡረተኛ የታሪክ መምህርት ቀረብ ብለው «ልጄ፣ በፖርቱጋል ይደገፉ የነበሩት የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ዬሱሳውያን፣ የተባረሩት መቼ ነው?» አሉኝ። «ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1632 ከነገሡ በኋላ ነው» አልኳቸው። «ጎንደርስ መቼ ተቆረቆረች?» «በ1636።» «ታዲያ ንጉሡ ቤተ መንግሥታቸውን ያሠሩት ባባረሯቸው ሰዎች ነው?» የምመልሰው አጣሁ።

አላዋረዱኝም፤ ወደ ቀሃ ወንዝ የሚወርደውን ቁልቁለት እያዩ ስለ ራሳቸው ከተማ አወጉኝ። ሊዝበን የታጉስ ወንዝ ወደ ውቅያኖስ ከሚገባበት ዳር በኮረብቶች ላይ የተሠራች ወደብ ናት። ኖቬምበር 1 ቀን 1755፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት፣ ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ ሳለ ምድር ተናወጠች፤ ከዚያ ባሕሩ ሞልቶ መጣ፤ የተረፈውንም እሳት በላው። በኮረብታው ላይ ያለው አልፋማ የተባለው አሮጌ ሰፈር በአብዛኛው ሲተርፍ፣ በወንዙ ዳር ያለው ዝቅተኛው የከተማዋ ክፍል ፈረሰ። መልሰው ሲገነቡት በግድግዳው ውስጥ መናወጥን የሚችል የእንጨት ማገር አስገቡበት፤ «ጋዮላ» ይሉታል፣ የወፍ ቀፎ ማለት ነው። «ከመሐንዲሶቹ አንዱ ካርሎስ ማርዴል ሀንጋሪያዊ ነበር፤ ስሙን ከፖርቱጋሎቹ ከማኑኤል ዳ ማያና ከኤውጄንዮ ዶስ ሳንቶስ እኩል እንጠራዋለን። እናንተም የሠራላችሁን ሰው በትክክል ጥሩት እንጂ ለእኛ አትስጡብን» አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መጻሕፍቴን ሳገላብጥ፣ በ1648 ወደ ጎንደር የመጣው የየመን መልእክተኛ ሐሰን አል-ሐይሚ የቤተ መንግሥቱ ግንበኛ ህንዳዊ እንደነበር መጻፉን አገኘሁ። በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ በጎብኚዎቹ ሁሉ ፊት የተናገርኩትን አረምኩ፤ መምህርቷም ሁለቱን እጆቼን ይዘው አመሰገኑኝ።

ኃላፊው ግን ይህን ሲሰማ «እንግዳ ፊት ድርጅቱን አዋረድክ» ብሎኝ እስከ ጥምቀት ድረስ አንድም ቡድን አልሰጠኝም። በቀረብኝ ገንዘብ ሳይሆን፣ እውነቱን መናገሬ እንደ ውርደት በመቆጠሩ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል። አሁንም በበሩ ስገባ ጉብኝቱን የምጀምረው በእነዚያ ሁለት ዓመታት ነው፤ 1632፣ ከዚያ 1636።