የቤታችን የመስታወት በር፦ እስካሁን የደረስኩበት

የቤታችንን ዋና በር ከላሜራ ወደ መስታወት የመቀየሩ ሥራ ተጋምሷል። የመስታወቱ ዓይነት ተመርጧል፣ ልኩ ተወስዷል፣ በሩ ሥር ያለው ወለል ተነስቷል። በሩ ግን ገና አልተገጠመም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ገና መሃል ላይ ሆኜ ነው፤ ተመሳሳይ ነገር ያሰባችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

ቤታችን አዲስ አበባ ውስጥ እንዳሉት እንደ ብዙዎቹ የቆዩ ቪላዎች ነው። ግቢ አለው። ከግቢው በር እስከ ቤቱ በር ጥቂት እርምጃ ነው። በሩ ሲከፈት ቀጥታ ሳሎን ነው፤ ኮሪደር ብሎ ነገር የለም። ይህን የማነሳው ምክንያት አለኝ። ስልክ ላይ እያየን የምንቀናባቸው የመስታወት በሮች አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባቸው ራሱን የቻለ የመግቢያ ክፍል አላቸው። ከበሩ ወዲያ የሚታየው ደረጃና የአበባ ማስቀመጫ ነው። እኛ ጋ የሚታየው ሶፋ፣ ቴሌቪዥንና ምሳውን የሚበላ ሰው ነው። መስታወት ከመምረጤ በፊት ከውጭ ምን እንዲታይ እንደምፈልግ መወሰን ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ሥራ አምስት ሳንቲም አላስወጣኝም። ማታ የሳሎኑን መብራት አብርቼ፣ የድሮውን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ግቢው በር ጋ ሄጄ ቆምኩ። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝን ሁሉ ጻፍኩ። ሶፋው ሙሉ በሙሉ ይታያል። የምግብ ጠረጴዛውም ግማሹ ይታያል። የጓዳው በር ክፍት ከሆነ ደግሞ ድስቱ ሳይቀር! ጥርት ያለ መስታወት ቢገጠም እንግዳው ሳያንኳኳ እራታችን ምን እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በመስታወት በኩል የሚያየው ጨለማው ወገን ያለ ሰው ነው፤ የሚታየው ብርሃኑ ውስጥ ያለው ነው። ቀን ላይ ውጭው ስለሚደምቅ እኛ ወደ ውጭ እናያለን፣ ውጭ ያለው ግን እኛን ብዙም አያየንም። ማታ ነገሩ ይገለበጣል። ከውጭ እንዳይታይ ተብሎ መስታወት ላይ የሚለጠፈው የሚያብለጨልጭ ስቲከርም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ቀን ላይ ከውጭ ላየው ሰው የራሱን ፊት ያሳየዋል። ማታ መብራት ሲበራ ግን ሳሎናችሁን ያሳየዋል። ሻጮቹ ብዙ ጊዜ ይህን አያነሱትም። ሌላም ጉድ አለው፦ ጎረቤት ለበዓል የተገዛ ዶሮ ስቲከሩ ላይ የራሱን መልክ አይቶ ሲደባደብ ነው የዋለው።

እናቴ መፍትሔው መጋረጃ ነው ባይ ናት። «ልጄ፣ በመስታወት ብርሃን አስገብተሽ በመጋረጃ ልትከለክይው ከሆነ ላሜራው ምን አደረገሽ?» ብላ ግን ራሷ አፈረሰችው። ነጥቧ ትክክል ነው። መስታወቱ ራሱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ካልሆነ መጋረጃ ላያስፈልግ ይችላል።

የወሰንኩት እንዲህ ነው። የበሩ የታችኛው ክፍል፣ እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ እንጨት ይሆናል። ከእርግጫ፣ ከመጥረጊያ፣ ከሚረጭ ጭቃ ይድናል። ከዚያ በላይ እስከ ሰው ቁመት ድረስ ደብዘዝ ያለ መስታወት ነው፤ ሰው መቆሙ ይታወቃል፣ ማን እንደሆነ ግን አይለይም። ከበሩ በላይ፣ ከመቃኑ እስከ ኮርኒሱ ያለው ቦታ ደግሞ ጥርት ያለ ቋሚ መስታወት ይሆናል። ከዚያ ላይ ሰማይ እንጂ ሰው አይታይም፤ ወደ ሳሎኑ ጠልቆ የሚገባው ብርሃንም በአብዛኛው በዚያ በኩል ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አድርጊ ብባል የላይኛውን መስታወት ነበር የምመርጠው። በሩ ሙሉ በሙሉ እንጨት ሆኖ ቢቀር እንኳ ቤቱን ይለውጠዋል።

ፍሬም የሌለውን፣ ከላይ እስከ ታች አንድ መስታወት የሆነውን በር ብዙዎች መከሩኝ። እኔ አልወደድኩትም፤ መኖሪያ ቤትን ባንክ ያስመስላል። ክብደቱም አለ። መስታወት በካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ፍሬም የሌለው በር ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። 90 በ210 ሳንቲ ሜትር የሆነ በር በ12 ሚሊ ሜትር ሲሠራ ወደ 57 ኪሎ ይሆናል። ያንን የሚሸከም ማጠፊያ ርካሽ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መስታወቱ ዓይነት ልግባ። ተራ መስታወት ለበር አይሆንም፤ ሲሰበር እንደ ቢላ የሰላ ስባሪ ነው የሚወጣው። የሚቀሩት ሁለት ናቸው። ቴምፐርድ የሚባለው ከ600 ዲግሪ በላይ ይሞቅና በአየር በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ላይኛው ገጹ ቀድሞ ስለሚደርቅ፣ መሃሉ በኋላ ሲኮማተር ገጹን አጥብቆ ይጨምቀዋል። ጥንካሬው የተራውን አራት እጥፍ ያህል የሚደርሰው በዚህ ነው። ሲሰበር ደግሞ ብትንትን ብሎ እንደ ጠጠር ይረግፋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቴምፐርድ ከሆነ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። የእጀታውና የቁልፉ ቀዳዳ ቀድሞ መበሳት አለበት። ስለዚህ እጀታው ሳይገዛ መስታወት ማዘዝ የለም።

ሁለተኛው ላሚኔትድ ነው። ሁለት መስታወት መሃል ላይ ስስ ፕላስቲክ ይገባና ይጣበቃሉ። ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም። ታሪኩ ደስ ይላል። በ1903 እ.ኤ.አ. ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ከእጁ ያመለጠ ብልቃጥ ተሰነጣጥቆ ሳይበተን ያገኘዋል። ለካ ውስጡ ደርቆ የቀረ ፈሳሽ ነው ስባሪዎቹን አንድ ላይ የያዛቸው።

ለቤት በር የቱ ይሻላል? ቴምፐርድ ለሰው ገላ ደህና ነው። ሌባ ግን አንዴ በሹል ነገር ከመታው ሙሉው ይረግፍለትና ዘው ይላል። ላሚኔትድ እጅ ለማስገባት እንኳ ብዙ ያስለፋዋል። እኔ ለበሩ ላሚኔትድ፣ ለላይኛው ቋሚ መስታወት ቴምፐርድ መርጫለሁ። ቴምፐርድ ተብሎ የተሸጠላችሁን ለማጣራት ጥግ ላይ የታተመ ምልክት ፈልጉ። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ያለው ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ሰማይ ወደ መስታወቱ ሲያንጸባርቅ በእሱ እዩት። ከማቀዝቀዣው አየር የቀሩ ነጠብጣቦች ወይም ጭረቶች ብቅ ይላሉ። ተራ መስታወት ላይ አይታዩም።

የብረት ፍርግርግ ነገርም ተነስቷል። ላሚኔትድ ቢሆንም ቤተሰቡ ፍርግርግ ካልገባ እንቅልፍ አይወስደንም ብሏል። እሺ አልኩ፤ ግን ከመስታወቱ በስተውስጥ ይሁን፣ መስመሮቹም ቁም በቁምና ቀጭን ይሁኑ። ደብዛዛ መስታወት ላይ ጥላው ከውጭ ሲታይ ጌጥ ይሆናል።

ስለ ፀሐይ ደግሞ። በራችን ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው፤ ይህ አዲስ አበባ ውስጥ ሎተሪ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላለ ከተማ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ቀልድ አይደለም። የጠዋት ፀሐይ ሳሎኑ ውስጥ ስትገባ ቤቱ ነፍስ ይዘራል። በራችሁ ወደ ምዕራብ ከሆነ ግን አስቡበት። የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ የበረንዳ ክዳን አያስቆማትም፤ የሶፋውን ጨርቅ ታነጣዋለች። ሌላው፣ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቦታ አትወጣም። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታዘነብላለች፣ በሰኔ ወደ ሰሜን ምሥራቅ። እኔ ብርሃኑ ወለሉ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በጠመኔ እያሰመርኩ ነው። የእንጨት ዕቃ የት እንደማይቀመጥ ከአሁኑ አውቄዋለሁ።

ባለቀለም መስታወት ያማረኝ አፍሪካ አዳራሽን ካየሁ በኋላ ነው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በዚያ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው። እዚያ የቆመ ሰው ቀለሙ ከመስታወቱ ወርዶ ወለሉ ላይ እንደሚኖር ያያል። ለቪላ ግን ቀለም በማንኪያ ነው። የላይኛው መስታወት ጠርዝ ላይ አንድ ቀጭን ቢጫ መስመር ብቻ አስገባለሁ። ጠዋት ግድግዳው ላይ የሚያርፈው እሱ በቂ ነው።

ከበሩ ወዲህ ያለው ቦታ ላይ ብዙ ተከራክረናል። ሳሎኑ መግቢያ ክፍል ስለሌለው፣ መግቢያ የሚመስል ቦታ መፍጠር ነበረብን። ግንብ ማቆም ብርሃኑን ይገድለዋል። የመረጥነው ከበሩ አንድ ሜትር ተኩል ገባ ብሎ የሚቆም ቀላል የእንጨት ማዕቀፍ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የሚገዛ ስስ የጥጥ ጨርቅ ከላይም ከታችም በዘንግ ተወጥሮ ይገባበታል። እንደ ነጠላ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሶፋውን ግን ከበሩ ይሰውረዋል። ተነቃይ በመሆኑ ለበዓልም ለለቅሶም ሰው ሲበዛ ይነሳል። እናቴም መጋረጃዋን አገኘች።

ጫማ ማስቀመጫው ጎን ግድግዳ ላይ ነው። ጫማ በቁሙ ዘንበል ብሎ የሚገባበት ዓይነት 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ይበቃዋል፤ ተራው መደርደሪያ 35 ያህል ይበላል። ፊት ማያ መስታወት ከበሩ ትይዩ አትስቀሉ፤ ከውጭ የማይታየውን ጥግ ሁሉ ያጋልጣል። ጎን ላይ ሲሰቀል ግን ብርሃኑን ያበዛል። ሰፌድና ሞሰብ ግድግዳ ላይ መደርደር የሆቴል ነገር ስለሆነብኝ ትቼዋለሁ።

ወለሉ ላይ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አይኖርም። በክረምት እርጥብ ጫማ ይዞ የገባ ሰው ይንሸራተታል። ሸካራ ግራናይት ነው የሚነጠፈው፤ ምንጣፉ የሚያርፍበት ቦታም በሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ በሩ ሲከፈት አይጎትተውም። ደፉ ወደ ውጭ ዘንበል ይላል፤ አለዚያ የነሐሴ ዝናብ ሳሎን ይገባል።

መብራትም የበሩ አካል ነው። ከበሩ በላይ ውጭ በኩል ሞቅ ያለ ቢጫ መብራት ይኖራል፤ ሳሎኑ በኩል ለበሩ ቅርብ የሆነው ደግሞ ደብዘዝ ይላል። ውጭው ሲደምቅ መስታወቱ ከውጭ ያነሰ ያሳያል፤ የሚያንኳኳው ሰው ፊትም ይለያል።

ያልተቆረጠው የቁልፉ ነገር ነው። ከውስጥ በእጅ የሚዞር ቁልፍ ለእሳት አደጋ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ቁልፍ ፍለጋ የለም። ግን መስታወት ሰብሮ እጁን ላስገባ ሰውም ይመቸዋል። የብየዳ ባለሙያው መቆለፊያውን ወደታች፣ እንጨቱ ክፍል ላይ እናውርደው ይላል። ከፍርግርጉ ጋር እጅ እንዳይደርስበት ልኩን እየወሰድን ነው። ከሰኔ በፊት ደግሞ ከበሩ በላይ የሚወጣው ክዳን መሠራት አለበት፤ አንድ ሜትር ወደ ውጭ እንዲወጣ አዝዣለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ውሃ የገባበትና ያልገባበትን እጽፍላችኋለሁ።