ማናለብኝ መድኃኒት የዋጠበት ሁዳዴ

የውሻችን ስም ማናለብኝ ነው። ያወጣለት አባዬ ነው፣ ያኔ ከአጥር ማዶ ካሉት ጎረቤታችን ጋር በድንበር ተኳርፈው ስለነበር ውሻውን በጠራ ቁጥር መልእክቱ አጥር ተሻግሮ እንዲደርስላቸው ብሎ፣ የድሮ ሰው እንዲህ ነው ተሳድቦ ያልተሳደበ የሚመስለው። ከታረቁ ቆይተዋል፣ ስሙ ግን እንደቀረ ቀረ። እኛ ማኔ እንለዋለን።

የካቲት ላይ ማኔ ታመመ። ሌሊቱን ሙሉ ባህር ዳርን ሲያስነሳ የሚያድር ውሻ ዝም አለ። ሁለት ቀን ከማንጎዋ ስር አልተነሳም፣ እንጀራ ሲወረወርለት አንገቱን እንኳን ቀና አያደርግም፣ በሶስተኛው ቀን ነሰረው። ከዛ በፊት ጆሮው ውስጥ መዥገር አይቼ ነቅዬለት ነበር፣ ግን መዥገር ያልያዘው ውሻ የታለ ብዬ ብዙም አላሰብኩበትም። መጀመሪያ የሄድኩት አንድ ስሙን የማልጠራው መድኃኒት ቤት ነበር፣ ልጁ ምንም ሳይጠይቀኝ አይቡፕሮፌን ሊሸጥልኝ ነው፣ "ለትኩሳት ነው ስጠው" ብሎኝ። የሰው ማስታገሻ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት እንደሚጎዳ በኋላ ሳውቅ ያኔ ኪሴ ውስጥ ብር ስላልበቃኝ አመሰገንኩ።

አንዱ ባጃጅ "ውሻ አልጭንም" አለ፣ ሁለተኛው ማዳበሪያ አንጥፍ ብሎ ወሰደን። የእንስሳት ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን በላ ምናምን ሳይሆን የእብድ ውሻ ክትባት ወስዷል ወይ ብሎ ነው። ካርዱን አሳየሁት። ከዛ በኋላ ነው ከንፈሩን ገልቦ ድዱን ያየው፣ ነጣ ብሏል። ሙቀቱ 40 ነጥብ 4 (ለውሻ 39 ሲሆን ሰላም ነው፣ 39 ነጥብ 5 ሲያልፍ ነው ትኩሳት)። ደሙን ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየና ኤርሊኪያ ነው አለኝ፣ መዥገር የሚያስተላልፈው ባክቴሪያ፣ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ የሚኖር፣ ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት ስለሚያሳንስ ነው የነሰረው። መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን። እኔ ማኔን ታቅፌ ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ ከዛ ብቻዬን ወጣሁ፣ ልዩነቱ 20 ኪሎ ሆነ። በኪሎ 10 ሚሊግራም በቀን፣ ስለዚህ 200፣ ጠዋት 100 ማታ 100፣ ለ28 ቀን። 56 ፍሬ ካፕሱል ይዤ ተመለስኩ። ከባዱን ነገር የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፣ ካፕሱሉን ሽሮ በነካ እንጀራ ጠቅልዬ ሰጠሁት። እንጀራውን በላ። ካፕሱሏ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች፣ ታጥባ የተቀመጠች ነው የምትመስለው። ሽሮው ውስጥ ሽንኩርት እንዳለና ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል እንደሚሰብር ያኔ አላውቅም፣ ደም ላነሰው ውሻ ወጥ እያጎረስኩ ነው እንግዲህ።

ሁለተኛው ቀን ብልጥ ሆንኩ። ካፕሱሉን ከፈትኩና ዱቄቱን ወተት ላይ በተንኩት። ማኔ አንዴ ላሰ፣ ቀጥ አለ፣ ፊቱ ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት ሆነ፣ ምላሱን አውጥቶ አፉን ሳሩ ላይ ያሻሽ ጀመር፣ ወዲያው አረፋ። ነጭ አረፋ እያንጠባጠበ ግቢውን ይዞር ጀመር። እማዬ ከማዕድ ቤት ብቅ ስትል ያየችው ይህንን ነው። "ዋይ በሚካኤል! ውሻው አበደ!" አለች፣ አለች ብቻ አይደለም ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች፣ ልጅ በር እየዘጋ፣ ታናሽ እህቴ የውሃ ሮቶ ላይ ወጥታ፣ ከአጥር ማዶ ደግሞ ጎረቤታችን ሽማግሌው፣ እነዛ ስሙ የወጣባቸው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ገቡ። "ዞር በል ልጄ፣ በአንድ ምት ነው!" ይላሉ። እኔ መሀል ቆሜ "ኧረ ጋሼ ይተው፣ መድኃኒት መርሮት ነው!" እላለሁ። ክትባት ወስዷል ብል ማን ይሰማኛል። በመጨረሻ ባዶውን የካፕሱል ልባስ አሳየኋቸው፣ ጣታቸውን ነክተው ምላሳቸው ላይ አደረጉትና እንትፍ! አሉ። ዘንጉን አወረዱ።

"ይኸንን ከቀመሰማ እኔም አብዳለሁ" አሉ።

አሁን እንስቃለን ግን የሚያስቅ አልነበረም። ክትባት የሌለው ውሻ ቢሆን አረፋ ያለበት አፍ አጠገብ እጄን ማስጠጋቴ ራሱ እብደት ነበር። የነከሰ ወይ የቧጨረ ውሻ ካለ ቁስሉን ወዲያው በውሃና ሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብና ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ደግሞ ዶክሲሳይክሊን ተከፍቶም ሳይከፈትም ጉሮሮ ላይ ከተጣበቀ ያቆስላል፣ ይኼንንም በኋላ ነው የተነገረኝ።

ከሶስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ካፕሱሉን ሳልከፍት አይብ ውስጥ ደብቄ ሰጠሁት። ዋጠ! ጠዋት ዋጠ ማታ ዋጠ፣ እኔም ኮራሁ፣ ለእህቴ "አያያዝ ነው የሚጠይቀው" ምናምን እያልኩ። እሁድ የቅበላ ቀን እማዬ የማንጎውን ቅጠል ስትጠርግ ሶስት ካፕሱል አገኘች፣ እርጥበት ነክቷቸው ያበጡ። መዳፏ ላይ አድርጋ አምጥታ ምንም ሳትል ጠረጴዛ ላይ ቆጥራ አስቀመጠችልኝ። ለካ ጌታው ጉንጩ ውስጥ ይዞ ይሄድና ዞር ብሎ ነው የሚተፋው።

ሰኞ ለዶክተሩ ደወልኩ። አይብ ስለው ዝም አለ። ከዛ "ወተትና የወተት ተዋጽኦ ከዶክሲሳይክሊን ጋር አይሰጥም፣ ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይይዘውና ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሰዋል" አለኝ። ስለዚህ የተፋው ተተፍቶ የዋጠውም በግማሽ ልብ ነው የሰራው። አምስቱን ቀን እርሳው፣ ከዛሬ አንድ ብለህ ጀምር አለኝ። አስር ፍሬ ባከነ፣ አስር ፍሬ ተጨማሪ ገዛሁ። ያቺ ሰኞ ደግሞ የሁዳዴ መያዣ ናት።

አስቡት እንግዲህ፣ ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ቤት ውስጥ ስጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ድስቱ ሁሉ ታጥቦ ተገልብጦ የጾም ዕቃ ወጥቷል፣ እኔ ደግሞ ለውሻ መድኃኒት መደበቂያ የሚሸት ነገር ፍለጋ ላይ ነኝ። እማዬን ጠየቅኳት። "በሁዳዴ? በእኔ ድስት?" ብላ አየችኝ፣ ከዛ በላይ መነጋገር አላስፈለገም።

መፍትሄው ከጣና መጣ። ባህር ዳር መኖር ለዚህ ነው የሚጠቅመው፣ ሀይቁ ዳር ዓሳ የሚያጸዱት ልጆች ጋ ሄጄ ከፊሌቶ የተረፈ የአምባዛ ቁርጥራጭ ለመንኩ፣ ሳቁብኝና ፌስታል ሙሉ ሰጡኝ። ግቢ ጥግ ሶስት ድንጋይ ጎልቼ በድልህ ጣሳ ቀቀልኩት፣ ያለ ጨው ያለ ምንም፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ከዳጉሳ ቂጣ ጋር አሸሁት። ዳጉሳው ጠቆር ስለሚልና ስለሚይዝ ካፕሱሉን ሸፍኖ አይፈርስም፣ የጤፉ እንጀራ ግን ሲነካ ይበተናል። ሽታውን አልነግራችሁም፣ እማዬ ለአንድ ወር አፍንጫዋን ይዛ ነው ያለፈችኝ።

አሰጣጡን ያሳየኝ ዶክተሩ ነው፣ ሶስት ጉርሻ። አንደኛው ባዶ፣ ሁለተኛው መድኃኒት ያለበት፣ ሶስተኛው ባዶ፣ ግን ሁለተኛውን ስትሰጠው ሶስተኛው በሌላኛው እጅህ አፍንጫው ስር መታየት አለበት፣ እሱን ለማግኘት ሲል ሁለተኛውን ሳያኝክ ይውጠዋል። አንድ ጉርሻ ያጣላል የሚባለው ለሰው ብቻ መስሎኝ ነበር። ከዛ በኋላ የዓሳውን መረቅ አጠጣው፣ ካፕሱሉ ጉሮሮው ላይ እንዳይቀር።

ሰራ። ግን ለሶስት ቀን ብቻ። አራተኛው ቀን ላይ መጀመሪያውን ጉርሻ ራሱ አልቀበልም አለ፣ ያው ዓሳ ያው ዳጉሳ። ለሽማግሌው በአጥሩ ላይ አማረርኩ፣ እሳቸው ከመደባቸው ላይ ሆነው ለካ ጠዋት ማታ ሲያዩኝ ኖሯል። "አንተ ልጅ፣ ውሻ እጅ አያይም፣ ፊት ነው የሚያይ" አሉኝ። "መድኃኒት ልትሰጠው ስትመጣ ሌባ ነው የምትመስለው። ጎንበስ ትላለህ፣ ድምፅህን ታቀጥናለህ፣ ሌላ ጊዜ ማኔ ማኔ ብለህ አታውቅ።"

ተናደድኩ መጀመሪያ። ከዛ አሰብኩት። እውነት ነው፣ ጉንበስ ብዬ "ማኔዬ፣ የኔ ሸጋ፣ ና እስቲ" እያልኩ ነው የምጠጋው፣ ሌላ ጊዜ ከበር ላይ ወርውሬለት የምሄድ ሰው። እጄም አለ፣ ካፕሱሉን በነካሁበት ጣት ነው የመጀመሪያውን ባዶ ጉርሻ የምሰጠው፣ ለሰው አይሸትም ለሱ ግን ይሸተዋል። ለካ መድኃኒቱን አይደለም የሚፈራው፣ እኔን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፕሱሉን በግራ እጄ ብቻ ነክቼ ጓዳ ውስጥ አዘጋጃለሁ፣ እጄን እታጠባለሁ፣ ወጥቼ እንደ ድሮው ቆሜ ከበር ላይ እወረውራለሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት፣ ስልኬን እያየሁ። ሌላው ውለታ የዋለልን የሽማግሌው ድመት ናት። ዓሳ ሸቷት አጥር ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ማኔ ያያታል፣ እኔ ጉርሻውን ወደ እሷ የምወረውር መስዬ እጄን አነሳለሁ፣ ከዛ ለሱ። ሳያሸት ነው የሚውጠው! ለድመት ከሚደርስማ መርዝም ቢሆን ይውጠዋል ጌታው። በየቀኑ ለድመቷም አንድ ባዶ እሰጣታለሁ፣ ደመወዝ ነው።

ከውሻው በላይ የከበደኝ ግን አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ የመጣው ነው። በሶስት አራት ቀን እንደ ድሮው መብላት ጀመረ፣ በሳምንቱ መጮህ ጀመረ፣ እማዬም "ድኗል እኮ፣ ምን ያስጨንቅሃል፣ ዓሳህንም ጣልልኝ" ማለት ጀመረች። ዶክተሩ ግን ቀድሞ አስጠንቅቆኝ ነበር፣ ባክቴሪያው ተደብቆ የሚቆይ ስለሆነ ውሻው የዳነ ሲመስል ካቆምከው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ ደግሞ እየከፋ ነው የሚሄደው ብሎኛል። የዳነ ውሻ ደግሞ ከታመመው ይልቅ ያስቸግራል፣ አፍንጫውም ጉልበቱም ተመልሷላ። ሁለት ቀን ነፋስ ሆኖ ዓሳ ሲጠፋ የተቀቀለ ድንች ሞከርኩ፣ ተፋው። እነዛን ሁለት ቀናት ብቻ በግድ ሰጠሁት፣ ዶክተሩ ባሳየኝ መንገድ፣ ከላይ መንጋጋውን ከክራንቻው ጀርባ ይዞ ቀና ማድረግ፣ ካፕሱሉን ምላሱ ላይ ወደ ጉሮሮው በኩል ሩቅ ማስቀመጥ፣ አፉን ዘግቶ ጉሮሮውን ማሸት፣ ምላሱን አውጥቶ አፍንጫውን ሲልስ ውጧል ማለት ነው። ከዛ በስሪንጅ በጉንጩ በኩል ውሃ፣ ቀስ እያሉ። በቋሚነት ባደርገው ግን እጣላው ነበር፣ ሁለቱን ቀን ራሱ እስከ ማታ አኩርፎኝ ነው የዋለ።

በመሀል መዥገሩንም ያዝነው። ቡናማው የውሻ መዥገር ውሻው ላይ ብቻ አይደለም የሚኖረው፣ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ነው የሚፈለፍለው፣ የኛ ጓሮ ደግሞ የጭቃ ግድግዳ ነው፣ ስንጥቁን መረግነው። ሲነቀልም በጣት መጨፍለቅ የለም፣ በመቆንጠጫ ከቆዳው ጋ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፣ እኔ በፊት በክብሪት ነበር የማቃጥለው።

የመጨረሻዋ ካፕሱል ደብረ ዘይት እሁድ ማታ ተዋጠች፣ እኩለ ጾም ላይ። በማግስቱ ጠዋት በተለመደው ሰዓት ማኔ በሩ ላይ፣ ድመቷ አጥሩ ላይ ቁጭ ብለው እየጠበቁኝ ነበር።

ፋሲካ ዕለት እኛ በግ አረድን፣ ሽማግሌውም አርደዋል። ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ እንዳይሰጥ አስጠንቅቄ ነበር (የውሃ ከረጢት ያለው ትል ከዛ ነው ወደ ውሻ፣ ከውሻ ደግሞ ወደ ሰው የሚዞረው)፣ እሳቸውም ሰምተውኝ ቀቅለው አንድ ድፍን ቁራጭ በአጥሩ ላይ ወረወሩለት። ማኔ በሁለት የፊት እግሮቹ ያዛት፣ በጥርሱ ለሁለት ገመሳት፣ ውስጧን አሸተተ፣ ቀና ብሎ መጀመሪያ ሽማግሌውን ቀጥሎ እኔን አየ፣ ከዛ አንዷን ግማሽ በላ። ሁለተኛዋን እንደገና ገመሳት።