ስለ አያቴ ባና በእንግሊዝኛ

ጥቅምት ገባ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ነውና ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ማለዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል። እትዬ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያሉ ድስት ጥደው ነበር ስደርስ። ጋሼ ምድጃው አጠገብ በርጩማ አስጠጉልኝና እንደ ወትሮው በአማርኛ ሰላም ብለውኝ ወደ እንግሊዝኛው ተሻገሩ።

ጋሼ ዕድሜያቸውን እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። አምና ለሥራ ቃለ መጠይቅ ገብቼ «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉኝ ምላሴ ተሳስሮ ቀረ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ ተምሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን ሦስት ዓረፍተ ነገር አጣሁ። እያለቀስኩ ወደ ቤት ስመለስ በር ላይ አገኙኝ። «ማታ ነይ፣ ቡና እንጠጣለን» አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

መጽሐፍ ያወጣሉ ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ግን ልጅ ሳለሁ ሲበርደኝ ምን ያሞቀኝ እንደነበረ ነው። እኔ ደግሞ ይህን አውቀዋለሁ! የአያቴ ባና ነዋ። መንዝ፣ ከራሳችን በጎች ሱፍ፣ አያቴ በእንዝርት ፈትላ ሸማኔ የሠራው ጥቁር ባና፤ ክብደቱ ልጅን አልጋ ላይ ሰፍቶ የሚያስቀር። የበጉ ሽታ ከታጠበም በኋላ አይለቀውም። ይህን ሁሉ ለመናገር ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ብዙ ቦታ ተሰናከልኩ፤ ግን አላቆምኩም። የምለውን አላጣሁማ፤ የጎደለኝ ቃሉ ብቻ ነበር፣ ቃል ደግሞ ይጠየቃል። «ኩበት ምን ይባላል ጋሼ?» ስል «ደንግ» አሉኝ። እዚያ አገር እንጨት ስለሌለ የምናነደው ኩበት ነበር፤ ያለ እሱ የአያቴ ቤት አይሞቅም፣ ታሪኩም አይሄድም።

ትምህርት ቤት ክርክር ሲሰጠን «የከተማ ኑሮ ይሻላል ወይስ የገጠር» ነበር። የተሸመደደ ነገር ይዘን እንቆማለን፣ ክፍሉ ያፈጥብናል። ለጀማሪ ምላስ ይህ ከባድ ነው ብዬ አምናለሁ። ሐሳብም ቃልም ፍርሃትም በአንድ ጊዜ መሸከም ነው። ስለ ገንፎ፣ ስለ ቡና፣ ስለ ዝናብ ድምፅ ሲወራ ግን ሐሳቡ አስቀድሞ እቤት ነው፤ ልብ ደንግጦ አይሮጥም። «ዩዝድ ቱ» የሚባለውን፣ ድሮ ይደረግ ለነበረ ነገር የሚነገረውን፣ ፈተና ላይ ሁልጊዜ ትክክል እመልሰው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ «አያቴ ትፈትል ነበር» ለማለት ስፈልግ ነው።

ሌላም አስተዋልኩ። እኛ «በረደኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ደከመኝ» እንላለን፤ ብርዱና ረሃቡ መጥቶ ሰውዬው ላይ የሚያርፍ ነገር ነው። እንግሊዝኛው «አይ አም ኮልድ» ይላል፣ ራስህ ብርድ የሆንክ ይመስል። አንድ ሳምንት ሙሉ ስሳሳት የኖርኩት እዚያ ላይ ነው፤ ጋሼ አንድም ቀን መሃል ላይ አላቋረጡኝም። ጨርሼ ስተነፍስ ትክክለኛውን ራሳቸው በወሬያቸው ውስጥ ደግመው ይናገሩታል፣ እኔም እሰማዋለሁ።

ዛሬ ማታ የነገሩኝ ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። «ኮምፎርት» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ በውስጡ «ፎርቲስ»፣ ብርቱ የሚለው ቃል አለ። ማበርታት ማለት ነበር። የእኛስ? ማጽናናት ከ«ጸና» ነው። ልቅሶ ቤት ሄደን ሰው ስናጽናና እንዲጸና፣ እንዲቆም እያደረግነው ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ መድረሳቸው ደነቀኝ፤ የአያቴን ባና የሚገልጽልኝ ቃልም ያገኘሁ መሰለኝ። ያኔ ተደፍቼ ከማለቅስበት ጎትቶ ያወጣኝ እሱ ነበር፣ ከዚያም ሞቆኝ እተኛ ነበር። ይህንንም በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው፣ ረጅሙን።

እትዬ ሲኒውን እያቀረቡ «ምን ተባባላችሁ? ዓይኗ እንባ አቅርሯል» አሉ። በአማርኛ ደግሜ ነገርኳቸው። ጀበናውን አስቀምጠው ተቀመጡ።

«የእኔም እናት ትፈትል ነበር። እኔን አዝላ ነው የምትፈትለው፣ እንዝርቱ ሲሽከረከር ጀርባዋ ላይ ይሰማኛል» አሉ። ከዚያም ወደ ጋሼ ዞረው፦ «ይኼንንስ በእንግሊዝኛ ማለት ይቻላል?»

ጋሼ እኔን አዩኝ። እንዝርት «ስፒንድል» ነው፤ እሱን ይዣለሁ። ማዘልን ግን ነገ እጠይቃቸዋለሁ።